ትልቁ ጀልባ ወይስ ትንሹ? ከወሎ ተነስቶ ባሕር ለሚጠልቅ ሰው

ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ የሚወርደውን መንገድ የወሎ ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። ሹፌሩ ያውቀዋል። ነጋዴው ያውቀዋል። ዘመድ ሊጠይቅ የሚወርደውም ያውቀዋል። አሁን ደግሞ ባሕሩን ከውስጥ ማየት የሚፈልግ ሰው አለ። ጅዳ ከሚሠሩ እህት ወንድሞቻችን መካከልም በእረፍት ቀናቸው ወደ ኦብሁር ባሕር ዳርቻ ሄደው ስኩባ፣ ማለትም ከሲሊንደር አየር እየተነፈሱ መጥለቅን፣ የሚሞክሩ አሉ። ሁሉም ጋ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። ብዙ ሰው በሚጭነው ትልቅ ጀልባ ልሂድ ወይስ ጥቂት ሰው በሚይዘው ትንሹ?

ብዙ ሰው ሳያስብ “ትንሹ ይሻላል” ይላል። እኔ እንደዚያ አልልም። የጀልባው ትልቅነት ወይም ትንሽነት ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ማወቅ ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው። ጠላቂዎችን ይዞ ለሚገባ ለአንድ መሪ ስንት ሰው ይደርሰዋል? እናንተ ውሃ ውስጥ ስትሆኑ ጀልባው ላይ ማን ይቀራል? ክፉ ነገር ቢመጣ ጀልባው ላይ ምን አለ? እነዚህን ሦስቱን በደንብ የሚመልስ ጀልባ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ጥሩ ጀልባ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ከቤት ተነስታችሁ ተመልሳችሁ ቤት እስክትገቡ ድረስ ነው። የመጨረሻውን ክፍል በተለይ የደሴ፣ የወልድያና የላሊበላ ሰው እንዳይዘለው እለምናለሁ።

1. ማን ነው የሚሄደው?

ጀልባ ከመምረጣችሁ በፊት የምትሄዱትን ሰዎች ዝርዝር ወረቀት ላይ አስፍሩ። ስም፣ የሥልጠና ደረጃ፣ መጨረሻ የጠለቀበት ጊዜ፣ ዋና መቻል አለመቻሉ። የመጀመሪያው ደረጃ ኦፕን ዎተር ይባላል። የሚፈቅደው እስከ 18 ሜትር ነው። አድቫንስድ ያለው እስከ 30 ሜትር ይወርዳል። ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው የመጨረሻ ወሰኑ 40 ሜትር ነው።

ደረጃችሁ ተመሳሳይ ከሆነና ቁጥራችሁ ትንሽ ከሆነ፣ እንበል አራት ወይም አምስት ጓደኛሞች፣ ትንሽ ጀልባ ለእናንተ የተሠራ ነው። ቦታውንም ሰዓቱንም ከካፒቴኑ ጋር ተነጋግራችሁ ትመርጣላችሁ።

ደረጃችሁ የተለያየ ከሆነ ግን ጉዳዩ ይለወጣል። ትንሽ ጀልባ ላይ ብዙ ጊዜ መሪው አንድ ነው። አንድ መሪ ካለ ደግሞ ሁላችሁም የምትወርዱት አንድ ቦታ ነው። እንግዲህ ወይ ጀማሪው ከአቅሙ በላይ ይወርዳል፣ ወይ ልምድ ያለው ምንም ሳያይ ይመለሳል። አየሩም አለ። ሲሊንደር ሲሞላ 200 ባር ገደማ ይይዛል፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። የተለመደው ደንብ ቢያንስ 50 ባር ይዞ ጀልባ ላይ መውጣት ነው። ጀማሪ ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ አየሩ ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል። መሪው አንድ ከሆነ እሱ ሲወጣ ሁሉም አብሮ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ሰውን በደረጃው ከፋፍሎ ለየቡድኑ መሪ የሚመድብ ትልቅ ጀልባ ይሻላል።

ከመካከላችሁ የማይጠልቁ ካሉ፣ ልጆች ወይም እናት አባት ከያዛችሁ፣ አታመንቱ፣ ትልቁን ያዙ። ጥላ፣ መጸዳጃ ቤትና አረፍ የሚሉበት ቦታ አለው። የጅቡቲ ፀሐይ ጥላ በሌለው ጀልባ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቅን ሰው ያደክማል።

ገና ሥልጠና ያልወሰደ፣ “ልሞክረው” የሚል ሰው ካለ፣ ለብቻው አሠልጣኝ ጠይቁለት። አንድ አሠልጣኝ ክፍት ባሕር ላይ ከ4 በላይ እንዲህ ያሉ ሙከራ ላይ ያሉ ሰዎችን ይዞ እንዳይገባ ታዋቂው የሥልጠና ድርጅት ፓዲ ይከለክላል። እኔ ግን 4 ራሱ ይበዛል እላለሁ። ሁለት ይበቃል። ዋና የማይችል ሰው ከሆነ ደግሞ ቀድሞ ይማር። የኦፕን ዎተር ሥልጠና 200 ሜትር መዋኘትና ለ10 ደቂቃ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ መቆየት ይጠይቃል።

ጉንፋን የያዘው ሰው በዚያ ቀን አይጠልቅም። አፍንጫው ከተዘጋ የጆሮውን ግፊት ማስተካከል አይችልም። የታምቡር ሕመም ቀላል ነገር አይደለም። አስም፣ የልብ ችግር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከመነሳቱ በፊት ሐኪም ያማክር።

2. ስልክ ላይ የምትጠይቁት

“ጀልባችሁ ስንት ሰው ይይዛል?” ብላችሁ ብቻ አትዝጉት። የሚይዘውና በዚያ ቀን የሚጭነው የተለያዩ ናቸው። እንዲህ ጠይቁ፦ በዚህ ቀን ስንት ጠላቂ ተመዝግቧል? ስንት መሪ ይወጣል? መሪዎቹ ራሳቸው ውሃ ውስጥ ይገባሉ ወይስ አንዳንዶቹ ጀልባ ላይ ይቀራሉ?

ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። እንበልና ትልቁ ጀልባ 24 ጠላቂ ይዟል፣ 6 መሪ አለው። ለአንድ መሪ አራት ሰው ይደርሳል። ትንሹ 8 ጠላቂ ይዟል፣ መሪው አንድ ነው። ውሃው ውስጥ ስትገቡ “የተጨናነቀው” ጀልባ የትኛው ነው? ትንሹ ነው። ጀልባው ላይ የምታዩት ግርግርና ውሃ ውስጥ የምታገኙት ትኩረት አንድ አይደሉም። ለእኔ፣ ለጀማሪ ቡድን ለአንድ መሪ ከአራት ሰው በላይ ከሆነ ሌላ ጀልባ እፈልጋለሁ። ልምድ ላላቸው ስድስት ድረስ ይሄዳል።

ቀጥላችሁ ሰው ሲሞላ የሚነሳ ነው ወይስ በተወሰነ ሰዓት የሚነሳ ብላችሁ ጠይቁ። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የተጓዘ ሰው “አንድ ሰው ብቻ ቀረ” ማለት ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ባሕር ላይ ትርፍ መጫን ግን መጨናነቅ ብቻ አይደለም። የተጫነው ሰው ከላይፍ ጃኬቱ ቁጥር ይበልጣል ማለት ሊሆን ይችላል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። ጅቡቲዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ ውጭው ዓለም ነው። “8 ሰዓት እንነሳለን” ካሏችሁ በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ማለታቸው ነው። ከተማው ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሰው ብዙ ስለሆነ በአማርኛ ስትነጋገሩ “በማን ሰዓት?” ብላችሁ አረጋግጡ። ጅዳ ያላችሁ ደግሞ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ወይም ፓስፖርት ሳትይዙ ወደ ጀልባ አትሂዱ። ከወደብ ለመውጣት መታወቂያ ይጠየቃል።

3. ዋጋውን አነጻጽሩ፣ ግን ሙሉውን

ትልቅ ጀልባ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ነዳጁን ብዙ ሰው ስለሚካፈለው ነው። ነገር ግን የተነገራችሁ ዋጋ ምን ምን እንደያዘ እወቁ። ሲሊንደርና ማመዛዘኛ እርሳስ አለበት? ልብሱ፣ መተንፈሻውና የሚነፋው ጃኬት ኪራይ ለብቻ ነው? ስንት ጊዜ ነው የሚጠለቀው? ምሳና ውሃ አለ? ጠቅላላውን ለጠለቃው ብዛት አካፍሉት። ያኔ ርካሽ የተባለው ውድ ሆኖ ይገኛል፣ ውድ የተባለውም እኩል ይመጣል።

አራት አምስት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ትንሽ ጀልባ በሙሉ ለመከራየት ጠይቁ። የተከፋፈለው ዋጋ ከምትጠብቁት ሊያንስ ይችላል። የጅቡቲ ፍራንክ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። 1 ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው። በዚህ አስሉት።

4. ቀኑን ምረጡ

ሕዝብ የሚበዛው በጀልባው ምክንያት ብቻ አይደለም፣ በቀኑም ነው። ጅቡቲ አርብ ዕረፍት ነው። ለከተማው ቅርብ የሆኑት የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች በዚያ ቀን ሽርሽር የሚወጣውን ሰው ይቀበላሉ። ትንሽ ጀልባ ይዛችሁ አርብ ብትሄዱ ከሌሎች ጀልባዎች ጋር አንድ ቦታ ላይ ትደራረባላችሁ። ትልቅ ጀልባ ይዛችሁ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ብትሄዱ ደግሞ ግማሹ ባዶ ሊሆን ይችላል። የሥራ ቀን መምረጥ ከቻላችሁ ገንዘብ ሳትጨምሩ ጸጥታ ታገኛላችሁ።

ለእኛ ሰው አርብ ሌላም ጉዳይ አለው። የወሎ ጓደኛሞች ብዙ ጊዜ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው የሚሄዱት። ሙስሊሙ ለጁምዓ መመለስ ይፈልጋል። ኦርቶዶክሱ ይጾማል። ትልቅ ጀልባ በራሱ ሰዓት ነው የሚመለሰው፣ ምሳውም አንድ ዓይነት ነው። ትንሹን ግን “ከሶላት በፊት መልሰን” ማለት ይቻላል፣ የጾም ምግብም ከቤት ይዞ መሄድ ይቻላል። ትልቁን የምትይዙ ከሆነ የጾም ምግብ መኖሩን ከአንድ ቀን በፊት ንገሯቸው። በረመዳን ወይም ውሃ ሳይጠጡ በሚጾሙበት ቀን ግን መጥለቁን ተዉት። የሰውነት ውሃ ማነስ ኋላ ላይ የምጽፍለትን በሽታ ያባብሳል።

ጫትንም ሳልነካ አላልፍም። ማታ ሲቃም አድሮ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጠዋት ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር መግባት የለበትም። የልብ ምት ይጨምራል፣ ውሃ ይጠማል፣ ውሳኔም ይዛባል። ይህ ለጠላቂውም ለካፒቴኑም ይሠራል። ካፒቴኑ ሥራ ላይ ሆኖ ጉንጩ ካበጠ በዚያ ጀልባ አትሂዱ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ክረምቱ ጅቡቲ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚሆን ሙቀት ነው። ነፋሱም ባሕሩን ያናውጠዋል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው የሚሻለው።

5. ጀልባው ጋ ስትደርሱ በዓይናችሁ የምታዩት

ገንዘቡን ጨርሳችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጀልባውን እዩት። ማንም አይከፋም። የሚከፋ ካለ እሱ ራሱ መልስ ነው።

ከሁሉም በፊት ኦክስጅን ይኑር። ጠላቂ የሚተነፍስበት ሲሊንደር ውስጥ ያለው ተራ አየር ነው። ድንገተኛ ሕክምና የሚሰጥበት ኦክስጅን ግን ሌላ ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ነው፣ ለብቻው ሲሊንደር ከማስክ ጋር መኖር አለበት። “አለን” ሲሏችሁ “አሳዩኝ” በሉ። ተከፍቶ ሲሠራ እዩት። ጀልባው ወደ ወደብ እስኪመለስ ድረስ ይበቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሩቅ ቦታ የሚሄድ ጀልባ ብዙ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ትንንሽ ጀልባዎች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው ይህ ነው። ቦታ የለንም ይላሉ። ቦታ የለንም የሚለውን መልስ አልቀበልም።

ቀጥሎ ሰው ነው። ሁላችሁም ስትጠልቁ ጀልባው ላይ ማን ይቀራል? አንዳንድ ትንሽ ጀልባ ላይ ካፒቴኑ ራሱ መሪ ሆኖ አብሮ ይገባል። ጀልባው ባዶውን ይቆማል። መልሕቁ ቢለቅ፣ ነፋስ ቢነሳ፣ አንዱ ጠላቂ ከቡድኑ ተነጥሎ ሩቅ ቦታ ቢወጣ የሚያነሳው የለም። ባዶ ጀልባ ትታችሁ ፈጽሞ አትግቡ። ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ሰውየው ምንም ያህል ደግ ቢሆን።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ እዩት። ላይፍ ጃኬቱን ቁጠሩ። ለሠራተኞቹም ጭምር መብቃት አለበት። ሬዲዮ አለው? ከባሕር ዳርቻ ሲርቁ የስልክ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ስልክ ሬዲዮን አይተካም። ትንሽ ጀልባ ከሆነ ሁለተኛ ሞተር አለው ወይ? ሲሊንደሮቹ በገመድ ወይም በመደርደሪያ ታስረዋል? ያልታሰረ ሲሊንደር ማዕበል ሲመጣ ተንከባልሎ እግር ይሰብራል። የእሳት ማጥፊያው የት ነው? መሰላሉስ?

መሰላሉን በደንብ እዩት። ትልቅ ጀልባ ላይ ሙሉ ዕቃችሁን ለብሳችሁ በመሰላል ትወጣላችሁ። ትንሽ ጀልባ ላይ፣ በተለይ በአየር በሚነፋው ላይ፣ እርሳሱንና ሲሊንደሩን ውሃ ውስጥ አውልቃችሁ ትሰጣላችሁ፣ ከዚያ ራሳችሁን ጎትታችሁ ትወጣላችሁ። ጀርባውን ወይም ትከሻውን የሚያመው ሰው ይህን ቀድሞ ማወቅ አለበት። አገባቡም ይለያያል። ከትልቁ ቆማችሁ ወደፊት በሰፊው ተራምዳችሁ ትገባላችሁ። ከትንሹ ጠርዙ ላይ ተቀምጣችሁ ወደ ኋላ ትገለበጣላችሁ። ወደ ኋላ መገልበጥ መጀመሪያ ያስፈራል። አብሽሩ፣ ማስኩንና መተንፈሻውን በእጅ ይዞ ከኋላ ሰው አለመኖሩን ካረጋገጡ ቀላል ነው።

የባሕር ሕመም የሚያስቸግረው ሰው ትንሽ ጀልባ በማዕበል ላይ እንደሚነጥር ይወቅ። ትልቁ ቀስ ብሎ ነው የሚወዛወዘው፣ ግን ጉዞው ይረዝማል፣ የናፍጣው ጭስም አለ። መሐል አካባቢ ተቀመጡ፣ ዓይናችሁን አድማሱ ላይ አድርጉ፣ ስልክ አትመልከቱ። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት ያህል በፊት ነው። አንዳንዱ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ግን መጀመሪያ ቤት ሆናችሁ ሞክሩት።

6. የስም ጥሪ

1998 ላይ አውስትራሊያ፣ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ፣ ሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ከሌሎች ጋር በጀልባ ወጥተው ጠለቁ። ጀልባው ሰው ቆጠረ፣ ቆጠራው ተሳሳተ፣ እነሱን ባሕር ላይ ትቶ ተመለሰ። መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። አልተገኙም።

እንዲህ ያለ ስህተት በቀላሉ የሚፈጠረው ሰው በበዛበት ጀልባ ላይ ነው። አምስት ሰው ባለበት ጀልባ ላይ አንድ ሰው ሲጎድል ዓይን ያየዋል። ሃያ ሰው ሲሆን ግን አንዱ መጸዳጃ ቤት ነው፣ ሌላው ተመልሶ ሊዋኝ ገብቷል፣ ሌላው ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ስለዚህ ትልቅ ጀልባ ከመረጣችሁ ቆጠራው በራስ ቁጥር ሳይሆን በስም መሆኑን አረጋግጡ። ስም ይጠራል፣ ባለቤቱ ራሱ “አለሁ” ይላል፣ ሌላ ሰው አይመልስለትም። ከመግባት በፊትም ከወጡ በኋላም። ካላደረጉት እናንተው የቡድናችሁን ስም ዝርዝር ያዙና ጥሩ። አንዱ ካልመለሰ ሞተሩ አይነሳም።

የእያንዳንዳችሁ ጃኬት ላይ ፊሽካና የሚነፋ ምልክት ይኑር። ብርቱካናማ ወይም ቀይ ሆኖ ውሃ ላይ የሚቆም ረጅም ፊኛ ነው። ከጀልባ የራቀ ሰው ጭንቅላት በማዕበል መካከል አይታይም። ያ ፊኛ ግን ይታያል።

7. ዌል ሻርክ ለማየት ከሆነ

ብዙ ሰው ጅቡቲ የሚሄደው ለዚህ ነው። ዌል ሻርክ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው፣ የሚበላው ግን በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነገሮችን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ አርታ ባሕር ዳርቻ አካባቢ ይመጣሉ። የሚመጡት በአብዛኛው ገና ያልጎለመሱ ናቸው። የሚታዩትም ከውሃው ወለል አጠገብ ስለሆነ ማስክና አጭር የመተንፈሻ ቱቦ ይበቃል፣ ሲሊንደር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ያለማመንታት ትንሹን ጀልባ እመርጣለሁ። ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ዘሎ ሲገባ እንስሳው ይጠልቃል፣ ማንም ምንም አያይም። የጀልባ ሞተርም ይቆርጣቸዋል። ጀርባቸው ላይ የሞተር ጠባሳ ያለባቸው አሉ። ካፒቴኑ እንስሳውን እያሳደደ መንገዱን የሚዘጋ ከሆነ “ተው” በሉት። ከፊቱ ርቆ ይቁም፣ ሞተሩ እንዳይሽከረከር ያድርግ፣ እናንተም ቀስ ብላችሁ ግቡ። ከሰውነቱ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር ራቁ። አትንኩት። ይህን ደንብ ሳትጠይቁት ቀድሞ የሚነግራችሁ ካፒቴን ካገኛችሁ ለሌላ ቀንም ያዙት።

8. ጀልባ ላይ ማደር

ወደ ባብ ኤል መንደብ የሚጠጉት ሰባቱ ወንድማማች የሚባሉት ደሴቶች ሩቅ ስለሆኑ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ጀልባ ላይ እያደረ ነው። ለጀማሪ አይሆንም። ውሃው ይጎትታል። ልምድ ላላችሁ ግን ሁለት ነገር ብቻ ልጠቁም። 2019 ካሊፎርኒያ ላይ አንዲት የጠላቂዎች ጀልባ ሌሊት ተቃጥላ 34 ሰው ሞቷል። ሰዎቹ ከታችኛው ክፍል ተኝተው ነበር፣ ሌሊት እየዞረ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት ከመኝታው ሁለት መውጫ መኖሩን እዩ፣ ሁለቱንም በእጃችሁ ከፍታችሁ ሞክሩ። ሌሊት ማን እንደሚነቃ ጠይቁ። የካሜራና የባትሪ መብራት ባትሪ ተኝታችሁ እያለ ቻርጅ ላይ አይቆይ።

9. ወደ ደሴ ከመመለሳችሁ በፊት

ይህ ክፍል ከጀልባው ምርጫ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ ያገናኘዋል። የጀልባውን ቀንና የመጨረሻውን ጠለቃ ሰዓት የምትመርጡት ከዚህ ተነስታችሁ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ነው።

ስትጠልቁ በየ10 ሜትሩ አንድ ከባቢ አየር የሚያህል ግፊት ይጨመራል። በዚያ ግፊት የምትተነፍሱት አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ወደ ደማችሁና ወደ ሥጋችሁ ይገባል። ቀስ ብላችሁ ስትወጡ በትንፋሽ ይወጣል። ለዚህ ነው በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ውጡ፣ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ቁሙ የሚባለው። ጀልባ ላይ ስትወጡ ግን ገና አላለቀም። ለብዙ ሰዓታት በሰውነት ውስጥ ይቆያል። ያ ሳይወጣ ግፊቱ ይበልጥ ወደ ቀነሰበት ከፍታ ከሄዳችሁ አረፋ ይሠራል። ቀደም ብዬ ያነሳሁት በሽታ ይህ ነው።

ለዚህም ነው ከጠለቁ በኋላ አውሮፕላን የሚከለከለው። አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀን ወይም በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ሲቀንስ ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳሉ ያህል ነው። አሁን ደሴን አስቡ። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ላሊበላም እንደዚሁ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ናት፣ ከዚያ ሐረጎን መውጣት አለ። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕሩ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከጅቡቲ በመኪና ደሴ የገባ ሰው አውሮፕላን ከተሳፈረ ሰው ይበልጥ ከፍ ብሏል፣ ለዚያውም አይወርድም፣ እዚያው ያድራል።

“በመኪና ስለሆነ ችግር የለውም” የሚለውን ነገር ስሰማ የምር እጨነቃለሁ። ሰውነት የሚያውቀው ግፊቱን ነው፣ መኪና ይሁን አውሮፕላን አይለይም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ሙሉ 24 ሰዓት ጅቡቲ ከተማ ቆዩ። ገበያ ዙሩ፣ ዘመድ ጠይቁ፣ ብዙ ውሃ ጠጡ። ለምሳሌ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከውሃ ከወጣችሁ እሑድ ዕለት እዚያው ናችሁ። ሰኞ ማለዳ ትነሳላችሁ። እሑድ ደሴ መግባት ያለበት ሰው ካለ ቅዳሜ አይጠልቅም፣ ዓርብ ጠዋት ላይ ይጨርሳል። መንገድ ላይ ማደር ካለባችሁም ዝቅ ያለው ቦታ ይሻላል። ሎጊያ ወይም ሚሌ አድራችሁ በማግስቱ ተራራውን ውጡ።

ትንሽ ጀልባ እዚህ ላይ አንድ ጥቅም አለው። ሁለቱን ጠለቃ ጠዋት ጨርሳችሁ እኩለ ቀን ሳይሆን ልትመለሱ ትችላላችሁ፣ የመጠበቂያው ሰዓት ቀድሞ ይጀምራል። ትልቁ ጀልባ ብዙ ጊዜ ከምሳ በኋላ ነው ሁለተኛውን የሚያስገባው። ወደ አርታ የሚሄድ ጉዞም ከሆነ ስትመለሱ በባሕር ነው ወይስ በመኪና ብላችሁ ጠይቁ። አርታ ከተማ ተራራ ላይ ናት። ሲሊንደር ይዞ የጠለቀ ሰው በባሕር ቢመለስ ይሻለዋል።

ሐይቅን የሚያነሳም ሰው ይኖራል። የሐይቅ ውሃ ያለው ከባሕር ወለል ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ስኩባ የሚጠልቅ ሰው የባሕሩን የጊዜ ሰንጠረዥ መጠቀም አይችልም፣ የከፍታ ጠለቃ ራሱን የቻለ ሥልጠና አለው። ዋና ለመለማመድና ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት መልበስን ለመልመድ ግን ሐይቅ ቅርባችሁ ነው።

መጨረሻ፣ ምልክቶቹን እወቁ። የትከሻ፣ የክርን ወይም የጉልበት ሕመም። የቆዳ ማሳከክ ወይም መቅላት። መደንዘዝ፣ መውረር። ማዞር። የእግር መዛል። ከወትሮው የተለየ ድካም። አብዛኛው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይታያል፣ ወደ ከፍታ ሲወጡ ደግሞ ሊነሳ ይችላል። የእኛ ሰው እንዲህ ሲሰማው “መንገዱ ነው ያደከመኝ” ብሎ ይተኛል። ወይ ይታሻል፣ ወይ የሕመም ማስታገሻ ይውጣል። ይህን አታድርጉ። ተራራ እየወጣችሁ ከሆነ አቁሙ፣ ወደ ላይ አትቀጥሉ። በጀርባ አስተኙት። ኦክስጅን ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል ውሰዱት። ሐኪሙ ጠላቂ መሆኑን ካልነገራችሁት ሊገምተው አይችልም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምትናገሩት እሱን ነው። ስንት ሜትር እንደወረደ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ስንት ጊዜ እንደጠለቀ፣ መጨረሻ ከውሃ የወጣው መቼ እንደሆነ፣ ጅቡቲን በስንት ሰዓት እንደለቀቀ ጽፋችሁ ስጡት። ዳይቭ ኮምፒውተር አድርጎ ከነበረ እሱንም ይዛችሁ ግቡ፣ ጥልቀቱንና ሰዓቱን መዝግቦ ይይዛል።